ከብቃት ፈተና ባሻገር፦ በዛፖስ የባህል ቃለ መጠይቅ የአመልካቹ ስፍራ

በሠራተኛ ቅጥር ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ቃለ መጠይቅን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ከቀጣሪው ወገን ሆነው ነው። መጠይቁ የተሻለውን ሠራተኛ ለይቶ ማውጣት አለማውጣቱ ይመዘናል፤ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ስለሚፈተንበት ነገር ምን ያህል እንደሚያውቅ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጉድለት ይበልጥ የሚጎላው ቀጣሪው ድርጅት ከሙያ ብቃት በተጨማሪ «ከባህላችን ጋር ይስማማልን?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ ነው። የሚከተለው ትንታኔ ጉዳዩን በአሜሪካዊው የኢንተርኔት ጫማ ሻጭ በዛፖስ አማካይነት ይመለከታል። ድርጅቱ የተመረጠው የቅጥር አሠራሩን በግልጽ በማሳወቁ ነው፤ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶኒ ሼይ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍና በልዩ ልዩ ቃለ ምልልሶች አሠራሩን በዝርዝር አስረድቷል።

ዛፖስ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርቶ በ2004 ወደ ላስ ቬጋስ አካባቢ ተዛወረ። ሼይ ለባህል የሰጠው ክብደት መነሻ አለው። ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተውን ሊንክኤክስቼንጅ የተባለ ድርጅት በ1998 ለማይክሮሶፍት በ265 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ በችኮላ ከተቀጠሩት ሰዎች የተነሣ በገዛ ድርጅቱ ውስጥ ለመሥራት ፍላጎት አጥቶ እንደነበር ጽፏል። ዛፖስ በ2006 10 እሴቶችን አጽድቆ የቅጥርም የስንብትም መመዘኛ አደረጋቸው። አመልካቹ ሁለት የተለያዩ ቃለ መጠይቆችን ያልፋል፤ አንደኛውን የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ስለ ልምድና ሙያ፣ ሁለተኛውን የሰው ሀብት ክፍል ስለ ባህል ብቻ ያካሂዳሉ። አንዱን አልፎ ሌላውን የወደቀ አይቀጠርም።

ከሁለተኛው መጠይቅ እጅግ የታወቀው ጥያቄ «ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ምን ያህል እንግዳ ጠባይ አለህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው የተቀዳው «ደስታንና ጥቂት እንግዳነትን ፍጠር» ከሚለው ሦስተኛው እሴት ነው። ሼይ እንዳስረዳው ቁጥሩ ራሱ ዋና ነገር አይደለም፤ የሚታየው የሰውዬው አመላለስ ነው። ሆኖም በዚያው ማብራሪያ 1 ያለ ሰው ለድርጅቱ ከልክ በላይ ድርቅ ያለ፣ 10 ያለ ደግሞ ጤናው የሚያጠራጥር ሊሆን እንደሚችል በቀልድ አክሏል። እንግዲህ ጥያቄው ነፃ መስሎ ይቅረብ እንጂ የተፈቀደ ክልል አለው። አመልካቹ «ራስህን ሁን» ይባላል፤ የሚሆነው «ራስ» ግን አስቀድሞ በሌላ ሰው ልክ ተቆርጧል። ኤርቪንግ ጎፍማን ሰው በዕለታዊ ግንኙነቱ እንደ መድረክ ተዋናይ ራሱን እንደሚያቀርብ ካመለከተ ወዲህ፣ ቃለ መጠይቅ ትወና አለበት ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በዛፖስ ልዩ የሚሆነው ትወናው ትወና እንዳይመስል መፈለጉ ነው፤ ይህም ከተለመደው መጠይቅ ይልቅ አድካሚ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ላይ የማይታየው ፈተና ይጨመራል። ከሌላ ከተማ የሚመጣ አመልካች ከአውሮፕላን ማረፊያ በድርጅቱ መኪና ይወሰዳል። በቀኑ መጨረሻ ቅጥር ክፍሉ ሾፌሩን አመልካቹ እንዴት እንዳስተናገደው ይጠይቀዋል፤ ሾፌሩን ያላከበረ ሰው የቀኑን መጠይቅ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ አይቀጠርም። አሠራሩ በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ሹም ሲያይ የሚጎነበስ፣ ሾፌር ሲያይ የሚኮፈስ ሰው ለደንበኞች አገልግሎት እንደማይሆን መገመት አያስቸግርም። ጥያቄ የሚያስነሣው ሌላ ነገር ነው። እስጢፈን ጊሊላንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ አመልካቾች የአንድን ቅጥር ፍትሐዊነት ከሚመዝኑባቸው ነጥቦች መካከል ፈተናው ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ችሎታን ለማሳየት የተሰጠው ዕድልና ስለ ውሳኔው የሚሰጠው ምላሽ ይገኛሉ። የመኪናው ፈተና የመጀመሪያውን ያሟላ ይሆናል። ነገር ግን ከጉዞ ድካም ወይም ከጭንቀት የተነሣ ዝም ብሎ የተጓዘ ሰው መፈተኑን ካላወቀ፣ ዝምታው ንቀት ተብሎ ቢተረጎም የሚያስተባብልበት ዕድል የለውም።

የትርጓሜው ችግር ለስደተኛ አመልካች ይብሳል። በላስ ቬጋስ ብዛት ያለው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ይኖራል። በማያውቁት ሰው ፊት ቁጥብ መሆን ጨዋነት፣ ስለ ራስ መናገር ጉራ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ስለ እንግዳ ጠባዩ ቢጠየቅ ዝቅተኛ ቁጥር ሊጠራ ይችላል። የሚገርመው፣ የዛፖስ አሥረኛው እሴት «ትሑት ሁን» የሚል ነው። ትሕትና በዝምታ ሲገለጽና በሣቅ በተሞላ ጨዋታ ሲገለጽ ለጠያቂው እኩል አይታይም። ሎረን ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ በታላላቅ የሕግ፣ የባንክና የአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ 120 የቅጥር ባለሙያዎችን አነጋግራ፣ ጠያቂዎቹ በትርፍ ጊዜ ዝንባሌና በአቀራረብ ራሳቸውን የሚመስለውን ሰው እንደሚመርጡ አሳይታለች። ዛፖስ ከእነዚህ ድርጅቶች የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው፦ መመዘኛዎቹን ጽፎ አውጥቷል። የተጻፈ እሴት ግን የአንዱን ጠያቂ የግል ስሜት ከሌላው ጋር አያስተካክልም።

ድርጅቱ ለአመልካቹ የሚያደላው ከቅጥር በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ፣ የሒሳብ ባለሙያም ሆነ የሕግ አማካሪ፣ 4 ሳምንት ያህል ሥልጠና ይወስዳል፤ የደንበኞችንም ስልክ ያነሣል። በሥልጠናው ወቅት ሥራውን ለመተው ለሚፈልግ ከሠራበት ደመወዝ በተጨማሪ ገንዘብ ይቀርብለታል፤ መጠኑ ከ100 ዶላር ተነሥቶ ከጊዜ በኋላ 2,000 ዶላር ደርሷል። በቃለ መጠይቁ ውስጥ መራጩ ድርጅቱ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ሠራተኛው ሥራውን በእጁ ዳስሶ፣ ባልደረቦቹን አይቶ ራሱ ይመርጣል። የቅጥር ተመራማሪዎች የሥራን እውነተኛ ገጽታ አስቀድሞ ማሳየት የሚሉት አሠራር ከዚህ ይበልጥ ተጨባጭ የሚሆንበት ምሳሌ ብዙ አይደለም። አማዞን ዛፖስን በ2009 ከገዛ በኋላ ተመሳሳይ ክፍያ በዕቃ ማከፋፈያ ማዕከሎቹ መጀመሩም ይታወቃል። በእርግጥ ምርጫው ሙሉ አይደለም፤ የቀድሞ ሥራውን ለቆ ከሌላ ከተማ ቤተሰቡን ይዞ ለመጣ ሰው 2,000 ዶላር የመመለሻ ወጪውን እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዛፖስ የሥራ ማስታወቂያ ማውጣትን አቁሞ፣ ሥራ ፈላጊዎች ከሠራተኞች ጋር የሚተዋወቁበት የኢንተርኔት መድረክ ከፈተ። ለአመልካቹ ይህ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ ቃለ መጠይቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወርኃዊ ኪራይ ያለበት ሥራ ፈላጊ ክፍት መኖሩን ሳያውቅ ለወራት ጨዋታ አዋቂ ሆኖ መቆየት አይችልም።

ቤንጃሚን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1987 ድርጅቶች የሚመስሏቸውን ሰዎች እየሳቡ፣ እየመረጡና የማይመስሏቸውን እያጡ በሂደት አንድ ዓይነት እንደሚሆኑ ተንብዮ ነበር። ዛፖስ የዚህ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ ይመስላል፤ ቀጥሎ የሆነው ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ድርጅቱ የአለቃና የበታች መዋቅርን ወደሚያስቀር ሆላክራሲ ወደተባለ አሠራር መሸጋገር ከጀመረ በኋላ፣ ሼይ በ2015 አዲሱን ሥርዓት የማይፈልጉ ሠራተኞች ካሣ ተቀብለው እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቀረበ። ከሠራተኞቹ 18 በመቶ ያህሉ ወጡ። እነዚህ ሰዎች የባህል መጠይቁን ያለፉ፣ በሥልጠናቸውም ጊዜ የቀረበውን የመሰናበቻ ገንዘብ ትተው የቀሩ ነበሩ። ሁለተኛው እሴት «ለውጥን ተቀበል፣ ምራም» የሚል ስለሆነ፣ መውጣታቸው የምርጫው ስሕተት ነው ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል። በሌላ ወገን ሲታይ፣ ሠራተኞቹ የተስማሙት በተቀጠሩበት ዕለት ከነበረው ድርጅት ጋር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣው መዋቅር የጠየቃቸው አልነበረም።