ዝቅተኛው ደመወዝና የሥራ ዕድል
(ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለምእመናን የተዘጋጀ ትምህርት)

በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች በር ላይ በማለዳ ሥራ ፈላጊዎች ቆመው እናያለን። ሙያ የሌለው ሰው የተባለውን ክፍያ ሳይከራከር ይቀበላል፤ እርሱ እምቢ ቢል ከኋላው ሌላ አለና። ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ ይወስን ሲባል አንዳንዶች «ሠራተኛ በላቡ ሊኖር ይገባዋል» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ደመወዝ ሲጨምር ሠራተኛ ይቀነሳል» ብለው ይሰጋሉ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ችግር አስገድዶት የተዋዋለ ሠራተኛ ስለተስማማ ብቻ ደመወዙ ፍትሓዊ ነው ሊባል እንደማይችል አስተምረዋል። ይሁን እንጂ በጎ ሐሳብ ውጤቱም ሊመረመር ይገባል።

በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 የሰዓት ክፍያን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ ባደረገች ጊዜ፣ ካርድና ክሩገር የተባሉ ሊቃውንት 410 ምግብ ቤቶችን አጥንተው ሥራ አለመቀነሱን ገለጹ፤ ሌሎች ግን በደመወዝ መዝገብ ተመርኩዘው ተከራከሯቸው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ለእርሻ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ሲወሰን ክፍያው አደገ፤ የሠራተኛው ቍጥር ግን ቀነሰ።

ልዩነቱ ከምን መጣ? አሠሪው የሠራተኛውን አማራጭ ማጣት ተጠቅሞ ከሥራው ዋጋ በታች ሲከፍል ከነበረ፣ ጭማሪው ከትርፉ ይወጣል፤ ሥራም አይጠፋም። ጭማሪው ሥራው ከሚያስገኘው በላይ ከሆነ ግን አሠሪው መቅጠር ያቆማል፤ ወይም ማሽን ይገዛል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው ያው ሙያ የሌለው ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ከአዋጁ በኋላም የግሉ ዘርፍ ለዓመታት ያለ ወለል ቆይቷል። ብላትማንና ደርኮን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ባደረጉት ጥናት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሥራውን ጥለው ሄደዋል። እንግዲህ ትንሽ ደመወዝ ለአሠሪውም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ዘወትር አዲስ ሰው ማሠልጠን አለበትና።

ስለዚህ ወለሉ ያስፈልጋል እንላለን፤ ነገር ግን የየሥራውን አቅም መዝኖ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል ይሁን። ደመወዙ ያደገለትም፣ ከበር የተመለሰውም ወንድማችን ነው።

ለውይይት፦
1. በሰበካችን በቀን ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ክፍያቸው ለምን ለምን ይበቃል?
2. አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። በቤታችን ለምትሠራው እኅት ደመወዟን የምንወስነው በምን መለኪያ ነው?