ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ

በግድግዳ ሶኬት የሚገኘው የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ኃይል በቀድሞው ዘዴ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ለማሳደግ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያስፈልግ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን ኃይሉን በዳዮዶች አማካይነት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ካደረገ በኋላ፣ ትራንዚስተር በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያቋርጠዋል፤ መልሶም ይለቀዋል። ምልልሱ ይህን ያህል ሲፈጥን በመዳፍ የሚያዝ ትራንስፎርመር ለሥራው ይበቃል። ባለቱቦው የቀለም ቴሌቪዥን የሚሻውን 25 ሺህ ያህል ቮልት ያገኝ የነበረው በዚሁ ብልሃት ነው።

ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሠጋው ዝምተኛው ካፓሲተር ነው። ከዳዮዶቹ ቀጥሎ የሚገኘው ካፓሲተር 311 ቮልት ያህል ያከማቻል፤ ሶኬቱ ቢነቀልም ክምችቱ ወዲያው ስለማይጠፋ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ንድፍ አውጪ የመጀመሪያውን ናሙና ሲሠራ፣ ክምችቱን ቀስ በቀስ የሚያፈስ ሬዚስተር ከካፓሲተሩ ጋር ያገናኛል። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ፣ ሬዚስተሩም 100 ሺህ ኦም ቢሆን፣ ቮልቱ በ50 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 2 ይወርዳል። እርግጥ ሬዚስተሩ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ 1 ዋት ያህል በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ለሕይወት ዋስትና የሚከፈል እጅግ ርካሽ ዋጋ ነው። ሆኖም ሬዚስተሩ ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሠሪው ቮልቱን በመለኪያ ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ውስጥ አይሰድም።