የሰው ወርቅ መስኮት አያደምቅም

የመጀመሪያ መጋረጃዬን ገዝቼ የጨረስኩት በሃያ ደቂቃ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ እጄ በገባ ሳምንት መርካቶ ወረድኩ። ስልኬ ላይ የጓደኛዬ ሳሎን ፎቶ አለ። ለሻጩ አሳየሁትና «ልክ እንደዚህ ያለ ስጠኝ» አልኩት። ዘርፉ ወርቃማ የሆነ፣ ወይን ጠጅ ከፈይ ነበር። ቤት ወስጄ ሰቀልኩት፤ ያየው ሁሉ አደነቀልኝ።

ከወር በኋላ እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጣች። መኝታ ቤቱ ገና መጋረጃ አልነበረውም። ማታ የመንገዱ መብራት ሲያስቸግራት ነጠላዋን በሁለት ሚስማር መስኮቱ ላይ ወጥራ ተኛች። ጠዋት ሻይ ይዤላት ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፀሐይዋ በነጠላው ተጣርታ ስትገባ ክፍሉ የወተት ቀለም ይዟል፤ የጥለቱም ጥላ ግድግዳው ላይ አርፏል። የልጅነቴ ጠዋት ነበር። ያን ያህል ገንዘብ የከሰከስኩበት ከፈይ አንድም ቀን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ለምን ቢባል፣ ከፈዩ ውስጥ እኔ አልነበርኩማ! የጓደኛዬ ምርጫ ነው። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለመስኮትም ይሠራል።

«ጨርቅ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያነጋግራል?» ትሉ ይሆናል። ጠዋት ዐይናችሁን ስትገልጡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ስልካችሁን ካልሆነ መስኮታችሁን ነው። ቀደምቶቻችንም ነገሩን ንቀው አላለፉትም። በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሠሪዎቹ የመስቀልንም የሰዎችንም ምስል በዚያው በሐሩ ሠርተውበታል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም እ.ኤ.አ. በ1961 ለተመረቀው ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም የመስታወት መስኮት ሲሠሩ፣ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ አሳረፉበት። እዚያ አዳራሽ ብርሃን የሚገባው በታሪክ መሐል አልፎ ነው።

በእናንተስ ቤት በምን በኩል አልፎ ይግባ?

አንደኛ፣ ከገበያ በፊት ትዝታችሁን ጠይቁ። ልጅ ሳላችሁ የተጠቀለላችሁበት ጨርቅ ምን ነበር? ጋሞ ያደገ ሰው የዱንጉዛው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ይመጣበት ይሆናል። መንዝ ያደገ የሱፉ በርኖስ፣ ሐረር ያደገ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶች ቀለም ውል ይሉታል። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ምን ሥር አለኝ?» የምትሉስ? ቴሌቪዥኑም ሶፋውም ዳንቴል በለበሰበት ቤት አላደጋችሁም? እናታችሁ በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴልም ሥር ነው። ባልና ሚስት ከተለያየ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የጨርቁን መደብ ከአንዱ፣ ጥለቱን ከሌላው ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ከብዙው ትዝታ አንዱን ምረጡ። ሁሉንም አንድ መስኮት ላይ ከሰቀላችሁት ቤቱ የባህል ዕቃ መሸጫ ይመስላል። ነጠላን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሰፊው ነጭ ዝም ስላለ ነው ቀጭኑ ጥለት የሚሰማው። ቀለል ያለ ቤት የምትወዱ ከሆነ ግርጌው ላይ አንድ ጥለት ይበቃል። ድምቀት የምትወዱም አትፈሩ፤ መጋረጃው ሲደምቅ ሶፋውና ምንጣፉ ረጋ ይበሉ።

ሦስተኛ፣ ብርሃኑን ለአንድ ሳምንት ተከታተሉ። ወደ ምሥራቅ የዞረ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ እዚያ ስስ ሸማ ያምራል። ወደ ምዕራብ የዞረው ግን የከሰዓቱ ፀሐይ ስለሚበረታበት ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፤ ከጀርባው ገበር ይደረግለት።

አራተኛ፣ ተረጋግታችሁ ለኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጋረጃው ተሰብሰብ ብሎ እንዲወርድ የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን እጥፍ ያህል ይሁን። ለ150 ሳንቲ ሜትር መስኮት 3 ሜትር ስፋት ማለት ነው። የእጅ ሸማ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ስለሚያንስ አራት ያህል ቁራጭ ተጋጥሞ ይሰፋል። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራልና ታጥቦ ሳይደርቅ መቀስ አይንካው።

አምስተኛ፣ ሸማኔውን አማክሩ። ሽሮ ሜዳ ስትወጡ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ አታሳዩ፤ ትዝታችሁን ንገሯቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከዚህ ነጭ ጋር የቱን ቀለም ያስገቡበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜያቸውን መወርወሪያ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው የሚሰጡት መልስ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም። ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት ትንሽ ናሙና አሠርታችሁ መስኮታችሁ ላይ ሞክሩት።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችንን የሚያግደን የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም። «እኔ ግን ምን እወዳለሁ?» ብለን ራሳችንን ሳንጠይቅ ስንት ዓመት አለፈ! ይህን ጥያቄ በመጋረጃ የጀመረ ሰው በአለባበሱም፣ በሥራውም፣ በሠርጉ ድግስም መጠየቁ አይቀርም። ትልቁን ውሳኔ የሚደፍር ልብ የሚለማመደው በትንሿ ነው።

ብር እስክታጠራቅሙ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከሣጥናችሁ የምትወዱትን አንድ ጨርቅ አውጡ፤ ነጠላም ይሁን ጋቢ። እንደ እናቴ በሁለት ሚስማር መስኮታችሁ ላይ ወጥራችሁት ተኙ።

የቀረውን ጠዋት ፀሐይዋ ታሳያችኋለች።