የፊት ቆዳችንን በየዕለቱ እንዴት እንጠብቅ?

በቦሻር የሰኔና የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ኤሲው ቆዳን ያደርቃል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ልማዶችን እንመልከት።

1ኛ. መታጠብ፦ ጠዋትና ማታ ፊታችንን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳንፈገፍግ እንታጠብ። በረኪና በነካ እጅ ፊታችንን አንንካ።

2ኛ. መቀባት፦ ፊታችን ገና እርጥብ ሳለ ሽቶ የሌለው ሎሽን እንቀባ። ብጉር ለማያስቸግራት ስስ ቫዝሊንም ይበቃታል።

3ኛ. ከፀሐይ መከላከል፦ ልብስ ለማስጣት ስንወጣ ሻሽ እናድርግ፤ ከተቻለም ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንቀባ። ማድያት በፀሐይ ይብሳልና።

ከሁሉ በላይ ግን «ፊት ያቀላል» ከሚባል ክሬም እንጠንቀቅ። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ክሬሙን በነካ እጃችን ለምናቅፈው ሕፃንም ይተርፋል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያለውን ማቅለያ ማምረትንና ከአገር አገር ማዘዋወርን ከ2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የከለከለው ስለዚህ ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ መድኃኒት ያለበት ክሬም ደግሞ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ ቆይቶ ቆዳን ያሳሳል። ሲተዉት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ክሬሙ የሚያስፈልጋቸው ይመስላቸውና ይመለሱበታል። ለረጅም ጊዜ የተቀባች እኅት አትፈር፤ ክሬሙን ይዛ ሐኪም ታማክር።

ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ክሬም፣ ጓደኛ ብትሰጠንም አንቀባ። በላባችን ያገኘነው ገንዘብ ጤናችንን መግዣ እንጂ መሸጫ አይሁን።