ተንጠልጣይ የመስተዋት ፋኖስና አድራጊው ያልተጠቀሰ ግሥ

ሀ. ምንባብ

የሻማ፣ የኩራዝና የፋኖስ ነበልባል ምን ጊዜም ወደ ላይ ይነዳል። የኤሌክትሪክ አምፑል ግን ወደ ታች ቢዘቀዘቅም ያበራል። ስለዚህ አምፑል ከመጣ በኋላ፣ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ምግብ ጠረጴዛ የሚያወርድ ፋኖስ መሥራት ቀላል ሆነ። ይሁን እንጂ የአምፑሉ ብርሃን ዓይን ይወጋ ስለ ነበር፣ ባለቀለም የመስተዋት ቆብ ይደፋበት ጀመር። ጊዜው በአውሮፓና በአሜሪካ «አር ኑቮ» ማለትም «አዲስ ጥበብ» የተባለው የማስጌጥ ስልት የተስፋፋበት ነበር። ይህ ስልት የአበባን፣ የሐረግንና የነፍሳትን መልክ በጠመዝማዛ መስመር ያሳያል።

በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነው የኒው ዮርኩ ሉዊስ ኮምፎርት ቲፋኒ (እ.ኤ.አ. 1848–1933) ነው። በሥራ ቤቱ ፋኖሱ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ይነደፋል። ቀጥሎ መስተዋቱ ይመረጣል፤ ቀለሙ በአብዛኛው ከላይ የተቀባ ሳይሆን ሲቀልጥ የተዋሐደው ነው። ከዚያም በንድፉ ልክ ይቆረጣል። የየቁራጩ ጠርዝ በስስ መዳብ ይጠቀለላል። በመጨረሻም ቁርጥራጮቹ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተደርድረው በቀለጠ እርሳስና ቆርቆሮ ይበየዳሉ። «ዊስቴሪያ» በተባለችው ሐረግ አምሳል ለተሠራው ፋኖስ 2,000 ያህል ቁርጥራጭ ያስፈልግ ነበር።

ለ. ሰዋስው

በሁለተኛው አንቀጽ «ይነደፋል፣ ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይበየዳሉ» የሚሉት ተደራጊ ግሦች ናቸው። ተደራጊ ግሥ በኃላፊ ጊዜ በ«ተ» ይጀምራል፦ ቆረጠ፣ ተቆረጠ። በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» ትዋጥና የግሡ የመጀመሪያ ፊደል ይጠብቃል፦ ይቆረጣል። ተሳቢ የነበረው ስም ባለቤት ይሆናል፤ አድራጊው ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል።

አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ጊዜ ይህ አነጋገር መልካም ነው። አድራጊው ሊታወቅ ሲገባው ግን እውነትን ይሸፍናል። «ፋኖሶቹ በቲፋኒ ሥራ ቤት ተሠሩ» ብለን ብናቆም፣ የቤቱን ስም እንጂ የሠሪውን ስም አልተናገርንም። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፦

ክላራ ድሪስኮል (እ.ኤ.አ. 1861–1944) በዚያ ሥራ ቤት መስተዋት የሚመርጡና የሚቆርጡ ሴቶችን ክፍል ትመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሸለመውን የውኃ ተርብ ምስል ያለበትን ፋኖስ ነደፈች። በክፍሉ የሚሠሩ ሴቶች ሲያገቡ ሥራቸውን ይለቁ ነበር፤ ደንቡ ያስገድዳቸዋልና። ፋኖሶቹ በዓለም ሲደነቁ የክላራን ድርሻ ያወቀ ጥቂት ነበር። ለቤተሰቧ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች ተመራማሪዎች አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የኒው ዮርክ ታሪካዊ ማኅበር ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ሥራዋ ለሕዝብ ታወቀ።

ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የተደበቀውን ባለቤት ወደ ዐረፍተ ነገሩ መመለስ፣ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ ሁለተኛ አንቀጽ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ወደ አድራጊ ለውጡ፤ ለእያንዳንዱም ተስማሚ ባለቤት ስጡ።

2. ተንጠልጣይ ፋኖስ ከአምፑል በኋላ ለመሥራት የቀለለው ለምንድን ነው?

3. በአካባቢያችሁ በእጅ ስለሚሠራ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ስለ መሶብ ወይም ስለ ጀበና፣ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አሠራሩን በተደራጊ ግሥ ግለጹ። በሁለተኛው የሠሪውን ስም ጠቅሳችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፉ። የትኛው አንቀጽ ምን እንደ ገለጸ፣ ምንስ እንዳስቀረ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።