ዜና አንባቢ ከተዋናይ ምን ይማራል?

ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ መድረክ፣ አልባሳት፣ መብራት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የነበረው ድምፁ ብቻ ነው። እኛስ ማይክሮፎን ፊት ስንቀመጥ ከድምፃችን በቀር ምን አለን?

ስለዚህ ከተዋንያን ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው ዓላማ ነው። ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ ተዋናይ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ እንዲጠይቅ ያስተምር ነበር። እኛም ከማንበባችን በፊት «አድማጩ ምን እንዲገባው ነው የምፈልገው?» እንበል። ሁለተኛው ዕረፍት ነው። ከዋናው ቁጥር በፊት ትንሽ ቆም ካልን አድማጭ ጆሮውን ይሰጠናል።

ድንበሩ ግን አይጥፋብን። ተዋናይ ሊያስለቅሰን ይችላል፤ እኛ የአደጋ ዜና ላይ በድምፃችን ለቅሶ ካከልን ግን በዘገባው የሌለ ነገር ጨመርን ማለት ነው። ትወናው ዜናውን ግልጽ ያድርግልን እንጂ አያጋንንብን።