«ሞየቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺና አገባብ

ከውጭ አገር በሚመጡ የውል ጽሑፎች ላይ አልፎ አልፎ ከሚገኙት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ሞየቲ» ነው። የሚጻፈውም በኤም፥ በኦ፥ በአይ፥ በኢ፥ በቲና በዋይ ፊደላት ነው። ቃሉ በዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ ነገር ግን በውል ላይ ሲገኝ የገንዘብን ድርሻ የሚወስን ስለሆነ፥ አስመጪም ሆነ ላኪ ፍቺውን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። «መካከለኛ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣው «ሜዲየታስ» ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ተላልፎ፥ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ነጋዴ ዛሬም ግማሽ ለማለት የሚነገረውን «ሟትዬ»ን ቢያስታውስ ዝምድናቸውን በቀላሉ ይረዳል። እንግዲህ የቃሉ ዋና ፍቺ እኩሌታ፥ ይኸውም ከሁለት እኩል ክፍሎች አንዱ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ዐዋቂዎች አንድ ርስት ለሁለት ወራሾች በትክክል ሲከፈል የእያንዳንዱን ድርሻ በዚህ ስም ይጠሩታል።

ቃሉ በነጋድያን ዘንድ ይበልጥ የታወቀው በአሜሪካ ጉምሩክ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1799 የወጣው የጉምሩክ ሕግ፥ ከቅጣትና ከተወረሰ ዕቃ የሚገኘው ገንዘብ እኩሌታው ለመንግሥት፥ እኩሌታው ለወደቡ የጉምሩክ ሹማምንት እንዲሆን አዘዘ። ጠቋሚ ያለ እንደሆነ ከሹማምንቱ ድርሻ ግማሹ ለእርሱ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ከ1,000 ዶላር ውስጥ 500 ለመንግሥት፥ 250 ለጠቋሚው፥ 250 ለሹማምንቱ ይደርስ ነበር። ሕጉ ቀረጥ እንዳይሸሸግ የታሰበ ቢሆንም፥ ቅጣት በበዛ ቁጥር የቀጪው ኪስ የሚሞላበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1873 ፌልፕስ ዶጅ የተባለው የኒው ዮርክ ብረታ ብረት አስመጪ፥ የዕቃ ዋጋ አሳንሶ አስመዝግቧል ተብሎ ከ270,000 ዶላር በላይ ከፈለ፤ ቀረ የተባለው ቀረጥ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። ነጋድያን አጥብቀው ስለ ተቃወሙ፥ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1874 ሥርዓቱን ሻረው።

ይሁን እንጂ ቃሉ ሁልጊዜ በእኩሌታ ፍቺ አይጸናም። በሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ቴአትር ሦስት ሰዎች መንግሥቱን ለሦስት ሲከፋፈሉ፥ አንደኛው የደረሰውን ሲሶ በዚሁ ቃል ይጠራል። በመድኃኒት ንግድም ቃሉ የአንድን ኬሚካል ልዩ ክፍል ያመለክታል እንጂ ግማሽ ማለት አይደለም። መድኃኒት አስመጪ በዕቃው ወረቀት ላይ ይህን ቃል ቢያገኝ፥ የመድኃኒቱ ኃይል በግማሽ የተቀነሰ እንዳይመስለው ያስፈልጋል።

ይህ አሻሚነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ግማሹ ሰው ሄደ፥ ግማሹ ቀረ» ሲባል ማንም ሰው ቆጥሮ አልከፈለም፤ «ከፊሉ» ማለት ነው። «እኩሌታው ለአንተ፥ እኩሌታው ለእኔ» ሲባል ግን ክፍያው በሚዛን ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ፍቺዎች በአንድ ስም ተሸክሟል።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ የ40,000 ዶላር ዕቃ ቢያዝ፥ ውሉም «ሞየቲው በቅድሚያ፥ ቀሪው ሰነዱ ሲደርስ ይከፈላል» ቢል፥ በሕግ ልማድ ቅድሚያው 20,000 ዶላር ነው። ሆኖም ሻጩ «ከፊሉን ማለቴ ነው» ብሎ 25,000 ቢጠይቅ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ እስኪፈታም ዕቃው በወደብ ተቀምጦ ኪራይ ሊቆጥር ይችላል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ይህን ቃል በውል ላይ ባየ ጊዜ፥ ከመፈረሙ በፊት «ሃምሳ በመቶ» ተብሎ እንዲተካ፥ የገንዘቡም ልክ በአኃዝና በፊደል እንዲጻፍ ያደርጋል። እርሱ ራሱ ለውጭ ደንበኛው ሲጽፍም፥ ቃሉን ቢያውቀው እንኳ ባይጠቀምበት ይሻለዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ የአንድ ቃል ፍቺ የሚጠየቅበት ጊዜ ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ነው።